ዘንቢል ይዛችሁ ውጡ

ስለ አስቤዛ ቁጠባ ሲወራ ሁላችንም መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ ዋጋ ነው። የት ረከሰ፣ የት ቀነሰ፣ ሾላ ይሻላል ወይስ መርካቶ። እኔ ግን ከዋጋው በፊት የምጠይቀው አለኝ፤ ከቤት ስትወጡ ምን ይዛችሁ ነው የወጣችሁት? ዘንቢል የያዘና ባዶ እጁን የወጣ ሰው አንድ ገበያ ቢገቡም አንድ ዓይነት ግዢ ገዝተው አይመለሱም። ባዶ እጁን የወጣው አንዲት ፌስታል የምትችለውን ያህል ይገዛል። ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት፣ ሩብ ኪሎ ምስር፣ ለዛሬ ማታ የምትሆን ቲማቲም። ነገ ከሥራ ሲመለስ ደግሞ እንደገና። ትንሽ ትንሽ የሚገዛ ሰው ደግሞ ምንጊዜም በውድ ነው የሚገዛው።

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ብር ያጠረው ሰው በችርቻሮ ይገዛል፣ በችርቻሮ ስለገዛ አብልጦ ይከፍላል፣ አብልጦ ስለከፈለ ብሩ ጭራሽ ያጥረዋል።

የምኖረው ግንፍሌ ነው፣ ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና አማቴ ነን። ደሞዝ ከሁለት ቦታ ይገባል፣ ግን ወሩ ሳይጋመስ የት እንደገባ አይታወቅም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን ነገር ሁሉ፣ በተለይ ዘይቱን፣ ሁላችሁም አይታችሁታል። እዚህ ጋ ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ ብጽፈው በሚቀጥለው ሳምንት ውሸት ይሆናል። ስሌቱ ግን አይቀየርም።

ዘይትን እንውሰድ። ሱቅ ሄዳችሁ በሃይላንድ ግማሽ ሊትር ስታስቀዱ የከፈላችሁትን በ10 አባዙት። ከዚያ ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ልዩነቱ በወር ሲደመር ለልጅ የትምህርት ቤት ደብተር ይገዛል። ቡና በስኒ፣ ኦሞ በትንሿ ፓኬት፣ ስኳር በሩብ ኪሎ፣ ሁሉም እንደዚያው ነው። ባለሱቁን አልወቅስም፤ እሱም ለችርቻሮው ድካም አለበት፣ ወር መጨረሻ ላይ ደግሞ ዱቤ የሚሰጠን እሱ ነው። ግን ደሞዝ በገባበት ሳምንት መጀመሪያ መገዛት ያለበት የማይበላሸውና በብዛት ሲሆን የሚረክሰው ነገር ነው። ዘይት፣ ጤፍ፣ ክክ፣ ሳሙና። ሥጋና ፍራፍሬ ለኋላ ይቆያል። ሸማቾች ማኅበር ዘይትና ስኳር መጣ ሲባል ደግሞ ሰልፉን ታገሡት፤ እንደኔ ሰልፍ የማይወድ ሰው የለም፣ ግን ያዋጣል።

አትክልት ለኛ ሰፈር ሰው ከባድ ሆኗል። ድሮ ፒያሳ አትክልት ተራ በእግር ነበር የምንሄደው። በ2012 በኮሮናው ጊዜ ገበያው ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር ለኛማ ደጃችን መጣ። ቀጥሎ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። አሁን ከመሀል ከተማ እዚያ ድረስ በታክሲ እየቀያየራችሁ ሄዳችሁ ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ይዛችሁ ብትመለሱ ትራንስፖርቱ ትርፉን ይበላዋል። ብቻችሁን ከሆናችሁ አትሂዱ።

እኛ የምናደርገው ተዋጥቶ መግዛት ነው። አራት ጎረቤታሞች ነን፣ ሁላችንም የምንተማመን። በየተራ አንዳችን እንሄዳለን፣ የሁላችንንም ዘንቢልና ባዶ ማዳበሪያ ይዘን። ሽንኩርት በማዳበሪያ ይገዛል፣ ድንችም እንደዚያው። የታክሲው ረዳት ለዕቃው የሚያስከፍለው ሳይቀር ሒሳብ ውስጥ ይገባል፣ ይሄ ካልተደረገ ቅሬታ ይመጣል። ግቢ ሲደርስ ማዳበሪያው ሸራ ላይ ይገለበጣል። የበሰበሰው ይለቀማል፣ የተጎዳው ለብቻ ይደረጋል፣ ከዚያ በሚዛን ይከፈላል። የተጎዳው ሽንኩርትም እኩል ነው የሚከፈለው። የሄደችዋ ሴትዮ ደህና ደህናውን መርጣ ከወሰደች በሚቀጥለው ወር ማንም ብር አያዋጣም። እያንዳንዷ የተጎዳውን ያን ቀን ማታ ልጣ፣ ከትፋ፣ ቁሌት ትሠራበታለች። ፍሪጅ ያላት ታስቀምጠዋለች።

ወቅቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። ሽንኩርትና ቲማቲም ከመቂ፣ ከባቱና ከቆቃ አካባቢ በመስኖ ነው በብዛት የሚመጣው። በጋ ላይ ይረክሳል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ አይቀመስም። ስለዚህ በጋ ላይ ቲማቲም ሲረክስ ቀቅዬ፣ ፈጭቼ፣ ፍሪዘር ውስጥ አስገባለሁ፣ መብራት እስካልከዳን ድረስ። ጾሙም የራሱ ወቅት አለው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ቅቤና እንቁላል ፈላጊ የሚያጣው ያኔ ነው። አማቴ ቅቤ የምትገዛው ጾሙ ሲጋመስ ነው። አንጥራ ታስቀምጠዋለች። ለፋሲካ ዋዜማ የሚገዛ ሰው የሚከፍለውን ስሰማ አማቴን አመሰግናለሁ። የእሁድ ገበያም ሲኖር አትለፉት፣ በተለይ ለእህልና ለእንቁላል። የእንቁላሉን ካርቶን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።

ሽሮንማ ተዉት፣ በፓኬት መግዛት ቤት ማፍረስ ነው። አተሩን ወይም ሽምብራውን ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ ቆልቶ፣ ከክቶ፣ ቅመሙን ጨምሮ ማስፈጨት አንድ ቅዳሜን ይፈጃል። ግን የወራት ሽሮ ነው። ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ። በርበሬና ቅቤ ውስጥ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎ ተያዘ ሲባል በየጊዜው የምንሰማ ሰዎች ለልጆቻችን የምናበላውን ማወቅ ይገባናል። በርበሬም በዛላው ነው መገዛት ያለበት፣ ክረምቱ አልፎ አዲሱ ሲገባ። እናቶቻችን በፈረሱላ ነበር የሚገዙት፣ 17 ኪሎ ማለት ነው፤ ለአንድ ቤት ከበዛ፣ ለሁለት ቤት ይከፈላል።

ጤፉ ላይ ብዙ ሰው ያፍራል፣ ማፈር ግን አያስፈልግም። ነጭ ማኛ የግድ አይደለም። ሰርገኛ ይጣፍጣል፣ ለሽሮ ደግሞ ከነጩ እሱ ይሻላል። ከሩዝ ጋር ቀላቅሎ ማስፈጨትም የማይሠራው ሰው የለም፣ የማያወራው እንጂ። እኛ ቤት ሩዙ ከአንድ አምስተኛ አይበልጥም፤ ከዚያ ካለፈ እንጀራው በማግሥቱ ይደርቃል፣ ልጆቹም ይተዉታል፣ የተተወ እንጀራ ደግሞ ምኑ ቁጠባ ነው።

አሁን ወደ መያዣው ልመለስ።

ጉሊት ላይ ከዓመታት ጀምሮ የምገዛቸው እትዬ አሉ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዝንጅብል በመደብ በመደብ አድርገው ነው የሚሸጡት። ፌስታሉን በእስር ነው የሚገዙት፣ ከራሳቸው ኪስ። ዘንቢሌን ስዘረጋላቸው መደቡን ገልብጠው፣ ሁለት ቲማቲምና አንድ እፍኝ ቃሪያ ይመርቁልኛል። አንድ ቀን "እትዬ፣ ኧረ ይበቃል፣ ይከስራሉ" ብላቸው፣ "ምን እከስራለሁ ልጄ፣ የፌስታሌን ነው የመለስኩልሽ" አሉኝ። ከሳቸው ጋር መከራከር አያስፈልግም፣ መያዣ ይዞ የመጣ ሰው ዋጋ ሳይጠይቅ ይቀነስለታል።

በዚያ ላይ ሕጉም መጥቷል። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር፣ ግን ማንም ልብ አላለውም። በ2017 ፓርላማ ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ አንዴ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል ጠቅላላ ይከለክላል፤ ይዞ ለተገኘ ግለሰብ ቅጣቱ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ነው። የአንድ ወር አስቤዛ በሉት። እኔ ሕጉን እደግፈዋለሁ። ክረምት ሲገባ የሰፈራችን ቱቦ በፌስታል ተደፍኖ ውኃው ሰው ቤት ሲገባ ስላየሁ ነው የምደግፈው። ግን አንድ ስጋት አለኝ። ሱቆቹ በፌስታሉ ፈንታ ጨርቅ የሚመስለውን ቦርሳ በብር ይሸጣሉ፣ ሰው ደግሞ ረስቶ እየወጣ በየቀኑ አንድ ይገዛል። ያ ሌላ ወጪ ነው። ቤታችሁ በር ጀርባ አንድ ሚስማር ምቱና ዘንቢሉን እዚያ ስቀሉት፣ ከቁልፍ ጋር። ሥራ ስትሄዱ ደግሞ አንዱን አጣጥፋችሁ በቦርሳችሁ ያዙ።

ከሁሉም የሚጠነክረው ግን ቤት የሚሠራው ነው። ዳቦ ቤቶች የዱቄት ማዳበሪያ ባዶውን ይሸጣሉ። ባለ 50 ኪሎው ለሁለት ይቆረጥና፣ ታች የሌለው ግማሽ ታቹ ሲሰፋ፣ ሁለት መያዣ ይወጣዋል። መጀመሪያ ገልብጣችሁ አራግፉት፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት። በሙቅ ውኃ ካጠባችሁት የቀረው ዱቄት ይበስልና እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ አይለቅም። ፀሐይ ላይ ሲደርቅ አፉን ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ ስፉት፣ አለዚያ ክሩ እየተመዘዘ ያልቃል። እጀታው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እጀታው አፉ ላይ ብቻ ከተሰፋ ድንች ሲገባበት ይበጠሳል። ከአንዱ ጎን ወርዶ፣ ከሥር ዞሮ፣ በሌላው ጎን መውጣት አለበት፤ ያኔ ክብደቱን የሚሸከመው ማዳበሪያው ሳይሆን እጀታው ይሆናል። ለእጀታ ያረጀ ጂንስ ቆርጦ ማጠፍ ይበቃል። ልብስ ሰፊ ጋ ብትወስዱትም ብዙ አያስከፍላችሁም። መሬት ማዳበሪያ ወይም ኬሚካል የነበረበት ከሆነ ግን ለምግብ እንዳትነኩት።

ቤት የተከማቹት ፌስታሎችስ? አልጥላቸውም፣ ወደ ውጭ ግን ይዣቸው አልወጣም። ንጹሖቹን በሳሙና አጥቤ፣ ገልብጬ፣ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ አደርቃቸዋለሁ፣ ለደረቅ ዳቦና ለመሳሰለው ይሆናሉ። ጥሬ ሥጋ የነካው በቀጥታ ለቆሻሻ ነው። ጥቁሩን ፌስታል ለምግብ በፍጹም አልጠቀምበትም። ሽንኩርትና ድንች ደግሞ ፌስታል ውስጥ አይቀመጡም፤ ያልባቸውና ይበሰብሳሉ። ሽንኩርቱ በዘንቢል ተንጠልጥሎ አየር ያግኝ፣ ድንቹ ብርሃን በሌለበት በካርቶን። ትኩስ እንጀራ በፌስታል ገዝታችሁ ካመጣችሁ ቤት ስትገቡ ወዲያው አውጡት። በላቡ ነው የሚሻግተው። እኔ ንጹሕ ጨርቅና ሰፌድ ይዤ ነው የምሄደው፣ ሻጯ አሁን ለምዳኛለች።

ዘይት ያለቀበት ጀሪካን ለውኃ ነው፤ ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ወርቅ ነው። የተረፈውን ጠርሙስና ጣሳ ሰብስባችሁ ቆይታችሁ "ቆራሌው" ሲል ጥሩት። የልዋጩ ልጅ የሚሰጣችሁን ሳፋ ግን እዩት፣ ስሱ ወር አይቆይም፤ ብር ከሰጣችሁ ብሩን ውሰዱ።

አሁን የቸገረኝ ወፍጮ ነው። ድሮ የምናስፈጭበት ቤት በኮሪደር ልማቱ ጊዜ ተነሣ፤ አሁን እህሉን ተሸክመን ሾላ ድረስ ነው የምንሄደው፣ ማስፈጫውና ታክሲው ተደምሮ የሽሮውን ትርፍ እየቀነሰብን ነው። ከአራት ኪሎ፣ ከቀበና ወይም ከአፍንጮ በር አካባቢ ጤፍና ሽሮ ለየብቻ የሚፈጭ ወፍጮ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። በርበሬ በሚፈጭበት ወፍጮ ጤፍ የሚፈጩትን ግን አልፈልግም፣ አንዴ እንጀራችን ልጆቹን አስነጥሷቸዋል።