ፍሪዘሩ ያለ ጥፋቱ ሲከሰስ

ፋሲካ አልፎ ወተት የናፈቀው ሁሉ ወደ ኬክ ቤት ሲጎርፍ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ኬክ ቤት የእንጆሪ አይስክሬም ተመለሰ። ደንበኞቹ ከክሬሙ መሀል ጥርስ የሚያስደነግጥ በረዶ አገኘን አሉ። ፍሪዘሩ ተጠረጠረ፤ ቴክኒሻን ተጠራ። ቢለካው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ፣ ልክ መሆን እንዳለበት። ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ።

ዋና ሠራተኛዋ አንዱን በረዶ ለቅማ ሳህን ላይ አስቀመጠችው። ሲሟሟ ቀላ ያለ ውሃ ሆነ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ትኩስ እንጆሪ ነው ከትፌ የጨመርኩት» አለ አይስክሬሙን የሠራው ልጅ።

«እሱ ነዋ ችግሩ!»

ከ100 ግራም እንጆሪ 90 ግራም ያህሉ ውሃ ነው። ክሬሙን ለስላሳ የሚያደርጉት ስኳሩ፣ ስቡና ሲመታ የሚገባው አየር ናቸው፤ ጥሬው ፍሬ ውስጥ ስቡም አየሩም የለም፣ ስኳሩም ጥቂት ነው። ስለዚህ ድንጋይ ይሆናል።

በማግስቱ እንዲህ ተሠራ። ግማሽ ኪሎ እንጆሪ ከነቅጠሉ ታጥቦ ተጠፈፈ፤ ቅጠሉ ቀድሞ ከተነሳ ፍሬው ውሃ ይጠጣል። ተቆራርጦ በ120 ግራም ስኳርና በ1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ 1 ሰዓት ቆየ። ከዚያ በለዘብተኛ እሳት፣ 400 ግራም ያህል እስኪቀር። ሚዛን ላይ ማየት ነው እንጂ ሰዓት ብቻ አይታመንም፤ የአንዱ እንጆሪ ውሃ ከሌላው ይበዛል።

ለክሬሙ 300 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 300 ሚሊ ሊትር ክሬም፣ 4 አስኳል፣ 100 ግራም ስኳርና ቁንጥር ጨው። ድብልቁ እሳት ላይ እየተማሰለ 82 ዲግሪ ሲደርስ ማንኪያውን ይሸፍናል፤ ከ85 ካለፈ እንቁላሉ ይጓጉላል። ተጣርቶ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ፍሬው የሚገባው ሁለቱም ከቀዘቀዙ በኋላ ነው፤ ሎሚ ያለበት ፍሬ ትኩስ ወተት ላይ ከፈሰሰ ወተቱ ይቆራረጣል። የአይስክሬም ማሽን ከሌለ ፍሪዘር ውስጥ አድርጎ በየ30 ደቂቃው በሹካ መምታት ነው፣ ለ3 ሰዓት ያህል። ልስላሴው የማሽኑን አያክልም፤ ይበላል ግን።

መብራት ጠፍቶ ከቀለጠስ? መልሶ ማቀዝቀዝ አይሆንም። በረዶው ሻካራ መሆኑ ይቅርና ወተትና እንቁላል ነው፤ ይበላሻል።

ጥሬ እንጆሪ የሚወድ ደንበኛ አሁንም ያገኛል፤ ከፍሪጅ ወጥቶ፣ ሲቀርብ ከላይ ይደረግለታል።