እማዬና የጥርስ ሳሙናው

ባለፈው ሐምሌ እናቴን ከዶሮ ወጡና ከጥርስ ሳሙናው ጋር መኪና ውስጥ ቆልፌባት አደርኩ። ከመፍረዳችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

እማዬ ክረምቱን ከእኛ ጋር ልታሳልፍ ከአዲስ አበባ ቨርጂኒያ መጥታለች። ልጆቹ ደግሞ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ "ካምፒንግ፣ ካምፒንግ" እያሉ ያደርቁናል። ቀኑን የቆረጠችው እማዬ ናት። የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ። "ሜዳ ላይ ማደሬ ካልቀረ በሽሮ አላድርም" አለች። ስለዚህ ዶሮ ተሠራ። ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ ዕጣኑ ሳይቀር ተጫነ። ድንኳኑ ቦታ አጥቶ ባለቤቴ ታቅፋው ሄደች።

በፍሮንት ሮያል በር ገብተን ስካይላይን ድራይቭን ያዝን። መንገዱ በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተራሮች ጀርባ 105 ማይል ይሄዳል። በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት ክልክል ነው። እማዬ በየአምስት ደቂቃው "ምነው፣ ነዳጅ አለቀ እንዴ?" ትላለች። በየመመልከቻው እየቆምን "እዪ እማዬ!" እንላታለን። "እሺ፣ ተራራው የታለ?" ትላለች።

እውነቷን ነው። የፓርኩ ከፍተኛ ጫፍ ሃውክስቢል 1,234 ሜትር ገደማ ነው። እሷ ሳሎኗ ተቀምጣ ቡናዋን የምትጠጣው ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው። ይህንን ስነግራት "ቁልቁል ነዋ ያመጣኸኝ!" አለች። የምናድርበት ቦታ ስሙ ቢግ ሜዶውስ፣ ትርጉሙም ትልልቅ ሜዳ መሆኑን ልጄ ስታስረዳትማ ጭራሽ በሳቅ ፈረሰች።

አመሻሽ ላይ ድንኳኑን ተከልን (ቆሟል፣ ከዚያ በላይ አልምልም)። ወዲያው ሬንጀሩ፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ መጣ። ትሁት ወጣት ነው። እዚህ ጥቁር ድብ አለ፣ ድብ ደግሞ ከሩቅ ያሸታል አለን። ስለዚህ ሽታ ያለው ነገር ሁሉ ድንኳን ውስጥ አያድርም። ምግብ ብቻ አይደለም። የጥርስ ሳሙና፣ ሎሽን፣ ዲዮድራንት፣ ሁሉም መኪና ውስጥ ይቆለፍበታል።

የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ እጇን አወጣች።

"የአያቴ ቅቤስ?"

"እሱማ የግድ መኪና ውስጥ መግባት አለበት።"

"ጭንቅላቷ ላይ እኮ ነው ያለው።"

ከመነሳታችን በፊት በነበረው ማታ እማዬ ራሷን ተቀብታ ነበር። አደስ የገባበት ለጋ ቅቤ። ከላይ ሻሽ ታስሮበታል፤ ሽታውን ግን ሻሽ አያስቆመውም። እኔ እንኳን መኪና ውስጥ መስኮት ከፍቼ ነው የነዳሁት።

ሬንጀሩ ሻሹን አየ። እኔን አየ። ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። በመጨረሻ "ይሄ መመሪያው ላይ የለም" አለ።

ባለቤቴ ፈራ ተባ እያለች "እማማ፣ ሻወር አለ፤ ቢታጠቡትስ?" አለቻት።

"ገና ሳይጠጣልኝ? ለድብ ብዬ?"

በቃ፣ አለቀ። ትራሷንና ብርድ ልብሷን ይዛ መኪና ውስጥ ገባች። ባለቤቴ በጆሮዬ "ድቡ ከመጣ እኮ ወጡንም ቅቤውንም አንድ ቦታ ነው የሚያገኘው" አለችኝ። እኔ ምን ላድርግ? ቆለፍኩ።

እኛ ድንኳን ውስጥ ፍራሹ ተንፍሶብን ጠጠር በጎናችን ስንቆጥር አመሸን። ልክ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የመኪናው አላርም ጮኸ። እዚያ ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው። በየድንኳኑ ባትሪ በራ። አንዱ "ድብ!" ብሎ ጮኸ። ሌላው መጥበሻ መደብደብ ጀመረ። እኔ ቁልፉን ጫማ ውስጥ እንዳስቀመጥኩት አስታውሳለሁ፤ የማን ጫማ እንደሆነ ግን ጠፋኝ።

በዚህ መሀል ከራስ እስከ እግሯ ነጭ የለበሰች ሴት ከመኪናው ወረደች። መጥበሻው ቀጥ አለ። ሰውዬው ድብ ቢያይ የሚሻለው ይመስለኛል።

እማዬ ለጸሎት ተነስታ ነው። ሁልጊዜም በዚያ ሰዓት ነው የምትነሳው። በሩን ከውስጥ ስትከፍት አላርሙ ጮኸባት። ግን ማን ደንግጦ? ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ፣ አላርሙ እየጮኸ "አቡነ ዘበሰማያት" ጀመረች። ቁልፉን ሳገኝ "ወኢታብአነ" ላይ ደርሳለች።

ጠዋት የይቅርታ ቡና አፈላን። የመጥበሻው ሰውዬ ሳይቀር ሲኒ ይዞ ተቀመጠ። ሬንጀሩ ስሞታ ሰምቶ ቢመጣም አቦል ሲቀርብለት ስሞታውን ረሳው። በረካ ድረስ ጠጣ። ድብ ማንም አላየም።

እማዬ የሬንጀሩን ፀጉር ትኩር ብላ ስታየው ቆየች።

"ምስኪን፣ እንዴት ደርቋል! ትንሽ ልቀባህ ብላለች በለው።"

እኔ እንዳልሰማ ሆኜ ሲኒ ማጠብ ጀመርኩ። ልጄ ግን ተረጎመችለት።