ያ የጠዋት ድምፅ

ትናንት ማታ መኪናዋን ከጋራዥ አወጣኋት። አሥራ ሁለት ቀን ተኝታ ነበር። ነገሩ ከአእምሮዬ ሳይወጣ ልጻፈው።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። አነስ ያለች የጃፓን ፎር ባይ ፎር ናት፤ ሃያ ዓመት አልፏታል። አባቴ ዓይኑ ሲደክም ጊዜ “ከእንግዲህ አንቺ ንጂያት” ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ከቁልፉ ጋር አንዲት ትንሽ ደብተር ሰጥቶኛል። ዘይት የቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር የሚጽፍባት ናት። አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር አሳልፎ አያውቅም። በእኔ ጊዜ የተጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው።

ድምፁ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። በዚያ ብርድ ጠዋት ሳስነሳት ከሞተሩ ፊት በኩል ሳንቲም እንደያዘ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ሦስት አራት ሴኮንድ፣ ከዚያ ጸጥ። ብርዱ ነው አልኩ። የሞተሩን ቫልቮች የሚያንቀሳቅሰው የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ በጊዜው ካልተቀየረ እንደሚበጠስ አውቃለሁ፤ የእኔ ግን በቺንጋ ፈንታ የብረት ካቴና ነው፣ ካቴና ደግሞ ዕድሜ ልኩን አይነካም ሲባል ሰምቼ ነበርና ያንን ወሬ ይዤ አንድም ሰው ሳልጠይቅ ከወር በላይ ነዳሁ። አሁን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ወላጆቼን ልጠይቅ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። ሸኖን አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች። ቀጠልኩ። ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ፍጥነት ስቀንስ እንደገና በራች፤ አሁን አልጠፋ አለች። ዳር ይዤ ኮፈኑን ከፈትኩ። የዘይት መለኪያውን አውጥቼ ሳየው ዘይቱ ሞልቷል። ዘይት ካለማ መብራቷ ናት የተበላሸችው ብዬ ልነሳ ስል ለአባቴ ደወልኩ።

“አጥፊው” አለኝ።

“አባዬ፣ ዘይት አለው እኮ።”

“መብራቷ ዘይት የለም አላለችሽም። ዘይቱን የሚገፋው የለም ነው የምትልሽ። አጥፊውና ከዚያ ንቅንቅ እንዳትይ።”

ሞተሩን ያዳነችው ያቺ ስልክ ናት። መኪናዋ አይሱዙ ላይ ተጭና፣ እኔም ጋቢና ተቀምጬ ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። ወላጆቼን ሳላያቸው።

መጀመሪያ ያየልኝ ሰው “የዘይት መብራቷን የምታበራውን ሴንሰር ቀይሪያት፣ በግማሽ ሰዓት ትሄጃለሽ” አለኝ። ልቤ ከጅሎ ነበር። ደግነቱ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እሱ ወደሚያሠራበት ጋራዥ ወሰደኝ። መካኒኩ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ሴንሰሯን ነቅለው በቦታዋ የግፊት ጌጅ አሰሩና ለጥቂት ሴኮንድ አስነሱት። መርፌዋ ከግማሽ ባር አላለፈችም። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ ሦስትና ከዚያ በላይ መሆን ነበረበት። “ሴንሰሩ አልዋሸሽም ልጄ” አሉኝ። “ኮፓውን እናወርዳለን።”

ኮፓው፣ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ፣ ሲወርድ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ፓምፑ ዘይቱን የሚስብባት ወንፊት የሻይ ብርጭቆ አፍ ታክላለች። ከግማሽ በላይዋ በጥቁር አተላ ተደፍኗል። አተላው ውስጥ ቡናማ የፕላስቲክ ስባሪዎች አሉ። አንዱን በካቻቢቴ ጫፍ አንስተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ጥፍሬን ያህላል። በአንድ ጎኑ ካቴናው የቆፈረው ቦይ አለ። ካቴናው ተደግፎ ከሚሮጥበት የፕላስቲክ መንሸራተቻ ተሰብሮ የወደቀ ነው።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ካቴናውን የሚወጥረው ቴንሽነር የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ሳይቀየር ሲቆይ ይቆሽሻል፤ ቴንሽነሩ ይደክማል፣ ካቴናው ይላላል፣ እየተወዛወዘ መንሸራተቻውን ይገዘግዛል፤ ስባሪው ወርዶ ወንፊቷን ይዘጋል፣ ፓምፑ በቂ ዘይት ያጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ግፊቱ ሲወርድ ቴንሽነሩ ጭራሽ ይለቃል። የጠዋቱ ድምፅ ይኸው ነበር። ዘይቱ እስኪደርስለት ድረስ ያለ መወጠሪያ የሚማታ ካቴና።

ፓምፑን ሲፈቱት ውስጡ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚዞር ሁለት ጥርሳም ብረት ነው። ገጹ እንደ መስታወት መሆን ሲገባው ጥፍሬ የሚይዘው ጭረት አለበት። የድሮውንና አዲሱን ካቴና ደግሞ አንድ ምስማር ላይ ጎን ለጎን ሰቀሉልኝ። የድሮው በትንሿ ጣቴ ጥፍር ያህል ረዝሟል። ብረቱ ተለጥጦ አይደለም፤ በየመገጣጠሚያው ያሉት ፒኖች ተበልተው ነው። ከሁሉ የፈራሁት ብሮንዚኑን፣ የሞተሩ ዘንግ በዘይት ላይ የሚዞርበትን ስስ ብረት፣ ነበር። አንዱን ከፍተው አዩት፤ ግራጫ፣ ልስልስ ያለ፣ መዳቡ ያልወጣ። እዚያው ቆሜ እመቤቴን አመሰገንኩ።

ዕቃ ፍለጋው አድካሚ ነበር። ሶማሌ ተራ አንዱ ነጋዴ የተፈታ ፓምፕ በግማሽ ዋጋ ሊሰጠኝ ነበር። ጋሼ በስልክ “እንዳታስቢው” አሉኝ፤ የሰው ሞተር ውስጥ ምን ሲውጥ እንደኖረ አይታወቅም። ተክለሃይማኖት ዞሬ አዲስ ፓምፕ፣ ካቴና ከነጥርሶቹ (የሚዞርባቸው ጥርሳም ብረቶች)፣ ቴንሽነርና መንሸራተቻ ገዛሁ። ብሩ በሐምሌ 2016 ከወረደ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። ግን የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሎ ሳለ፣ ያለችኝን ካልያዝኩ ምን ልይዝ ነው? ደግሞ የአባቴ ናት።

አዲሱ ካቴና ላይ ቀለም የተቀቡ ዓይኖች አሉ። እነሱ ጥርሶቹ ላይ ካሉት ምልክቶች ጋር ይገጥማሉ። አንድ ጥርስ ቢሳሳት ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ። ስለዚህ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። ረጅሙን ቁልፍ “ያዢ” ብለው ሰጡኝና እኔው አዞርኩት፣ ቀስ ብዬ፣ የሚያግደኝ ነገር ካለ እየሰማሁ። ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ የጥርሶቹ ምልክቶች ገጠሙ፤ ቀለሞቹ ግን ሌላ ቦታ ሄደዋል። ደነገጥኩ። “እነሱ ለመግጠሚያ ብቻ ናቸው፤ አንቺ ጥርሱን እይ” አሉኝ።

ፓምፑ ከመታሰሩ በፊት ውስጡን በዘይት ሞልተውት ነበር። የነዳጁን ፊውዝ ነቅለው ሞተሩን በባትሪ ብቻ አሽከረከሩት። ቀይዋ መብራት ጠፋች። ያኔ ነው ፊውዙ ተመልሶ ሞተሩ የተነሳው። ከሞቀ በኋላ እንኳ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ መርፌዋ ከአንድ ባር በላይ ቆመች።

ዛሬ ጠዋት ብርዱ ያው ነው። ሳላስነሳት ለአባቴ ደወልኩና ስልኩን የተከፈተው ኮፈን ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት። አስነሳኋት። ሦስት ሴኮንድ፣ አራት ሴኮንድ። ምንም። ወርጄ ስልኩን አነሳሁ።

“አባዬ፣ ሰማህ?”

“ቆይ” አለኝ፣ “እስክትሞቅ ድረስ መልሺው።”

መልሼ አስቀመጥኩለት።