ሞተሩ ሳይሞቅ

የእህቴ ልጅ አሮጌ መኪና ልትገዛ ነው፤ አብሬያት ሄጄ እንዳይላት ጠይቃኛለች። ስለ መኪናው ስታወራ ልቧ እንደሸፈተ ገባኝ። እንዲህ ሲሆን ጉድለት ማየት ይከብዳል። ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት ሐሳቤን ልጻፈው።

ከሁሉ በፊት ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ ማግኘት እፈልጋለሁ። ሻጩን "እኛ እስክንመጣ እባክዎ አያስነሱት" እንድትላቸው ነግሬያታለሁ። እንደደረስን ኮፈኑን በእጄ እነካለሁ። ሞቆ ከጠበቀን ሌላ ቀን እንመለሳለን፣ የፈለገ ይቀየም። የደከመ ሞተር ገመናው የሚወጣው ቀዝቅዞ አድሮ ሲነሳ ነው፤ ከሞቀ ብዙ ነገር ይደበቃል።

ቁልፉ ሲዞር የዳሽቦርድ ምልክቶች መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት አለባቸው። የሞተሩ ወይም የኤርባጉ ምልክት ጭራሽ ካልበራ ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፤ እኔን ይሄ በርቶ ከቀረው በላይ ያስፈራኛል። አንዳችን ከኋላ ቆመን ጭሱን እናያለን። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል። ነጭ ጭስ በብርድ ትንሽ ቢታይ እንፋሎት ነው፣ ይጠፋል፤ ሞተሩ በደንብ ሞቆም እየተትጎለጎለ ከቀጠለ ግን የራዲያተር ውሃ ነዳጁ ወደሚቃጠልበት ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተበላሽቶ ነው፣ እሱ ደግሞ ቀላል ወጪ አይደለም።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ አላምንም። 80,000 እያለ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ካለቀ፣ መሪው እጅ የሚይዘው ቦታ ላይ ተልጎ ካበራ፣ የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ ከተበላ፣ የሆነ ነገር አልገጠመም። ጎማው ጎን ላይ ደግሞ የተመረተበት 4 ቁጥር አለ፤ 2318 ካለ እ.ኤ.አ. በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ገና ቢሆንም ያረጀ ጎማ ያረጀ ነው። ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የሻንሲ ቁጥሩ መኪናው ላይና ወረቀቱ ላይ አንድ መሆኑን ማየት አይረሳም።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የታይሚንግ ቺንጊያው ነው፤ ቫልቮቹ (የሲሊንደሩ መግቢያና መውጫ ክዳኖች) ከፒስተኑ ጋር ተናበው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ የሚያደርገው የጎማ ቀበቶ ማለት ነው። መኪናው በቺንጊያው ፋንታ ሰንሰለት ካለው ሌላ ነገር ነው። ቺንጊያ ከሆነ እንደየመኪናው ቢለያይም በብዙዎቹ ከ100,000 እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይቀየራል፣ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ዕድሜ ይገድለዋል፣ እየሄደች ቢበጠስ በብዙ ሞተር ላይ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታና ሞተሩ እዚያው ያልቃል። መሀል መንገድ ላይ ብቻዋን ቆማ ሳስባት ያመኛል። "ተቀይሯል" የሚል ቃል አይበቃኝም፣ ደረሰኝ እጠይቃለሁ። ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥረን ወጪውን ከዋጋው ላይ እናስቀንሳለን።

ስንነዳው ሬዲዮው ይዘጋል። ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትት እንደሆነ፣ ማርሽ ሲገባ ያንኳኳ እንደሆነ መስማት አለብን። ከዚያ የኛ መካኒክ ከሥር ገብቶ ይየው። ሻጩ ለዚህ እሺ ካላሉ እንተወዋለን፤ በዚህ ከአሁኑ ተስማምተናል።