ቃጭል ያላት ኳስ፣ ሲባጎ እና ስድስት የስፓኒሽ ቃላት

እንግሊዝኛ ላልለመደ ተማሪ የስፖርት መምህር በእጁ እያሳየ ያስተምራል። ለዓይነ ስውር ተማሪ ደግሞ በቃል እያብራራ። አሜሪካ ውስጥ ከማስተምራቸው ላቲኖ (ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ) ልጆች አንዳንዶቹ ግን ዓይነ ስውርም ናቸው፣ እንግሊዝኛም ገና ናቸው፤ ማሳየቱም ማብራራቱም አይደርሳቸውም። ስለዚህ ብዙ ቦታ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነጥብ ይቆጥራሉ። የአገሪቱ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ የሰውነት ማጎልመሻ ለእያንዳንዱ አካል ጉዳተኛ ተማሪ እንዲሰጥ ያዛል፤ ነጥብ መቁጠር ደግሞ ሂሳብ እንጂ ስፖርት አይደለም።

መጀመሪያ የቤት ቋንቋውን እጠይቃለሁ። የብራዚል ልጅ ፖርቱጋልኛ ነው የሚናገረው፤ ከጓቴማላ የመጣው ኪቼ ወይም ማም የሚባሉትን የማያ ሕዝቦች ቋንቋዎች ሊናገር ይችላል፤ አሜሪካ ተወልዶ እንግሊዝኛ የሚቀናውም ሞልቷል። ስፓኒሽ ከሆነ ክፍሉ በሙሉ ስድስት ቃላት ይማራል፦ ኢስኪየርዳ (ግራ)፣ ዴሬቻ (ቀኝ)፣ አዴላንቴ (ወደፊት)፣ አትራስ (ወደኋላ)፣ አልቶ (ቁም)፣ ቦይ (መጣሁ)። «እዚህ»፣ «እዚያ»፣ «እንደዚህ» የሚሉትን እኔም አልጠቀምም። በዓይነ ስውራን እግር ኳስ ኳስ ፍለጋ የሚሄድ ተጫዋች «ቦይ» ብሎ ካልጮኸ ጥፋት ይያዝበታል፤ እናም የቃሉን አጠራር ለጓደኞቹ የሚያስተምረው ላቲኖው ልጅ ነው።

እንቅስቃሴን በንክኪ አስተምራለሁ፣ አስቀድሜ ፈቃዱን ጠይቄ። ልጁ የሚወረውር ጓደኛውን እግር፣ ወገብና ክንድ በየተራ ይዳስሳል። የልጁን እጅ ይዞ ማንቀሳቀስ ይፈጥናል፤ ግን ሰውነቱን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ስለሚለምድ ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። ጓደኛው በቁመት የሚቀራረበው ይሁን፤ የትልቅ ሰው ወገብ ለሕፃን ትከሻው ላይ ነው።

ለመጀመር ከጎልቦል የሚሻል አላገኘሁም፤ ቃጭል ያላትን ኳስ ወደ ተቃራኒ ቡድን ግብ እያንከባለሉ የሚጫወቱት የዓይነ ስውራን ጨዋታ ነው። ሁሉም ተጫዋች ዓይኑን ስለሚሸፍን ማየት ጥቅም አይሰጥም። ሜዳው 18 በ9 ሜትር ነው፣ በየቡድኑ ሦስት ተጫዋች፣ ኳሷ 1.25 ኪሎ ትመዝናለች፣ ውስጧ ቃጭል አለ። መስመሩን እንዲህ እሠራለሁ፦ ወለሉ ላይ ሲባጎ ወጥሬ በላዩ ፕላስተር እለጥፋለሁ፤ ልጁ በእጁና በእግሩ ዳስሶ ያለበትን ያውቃል። ሲባጎው ከቀጠነ በጫማ አይሰማም፣ ከወፈረ ያደናቅፋል፤ 3 ሚሊ ሜትር ያህል በቂ ነው። የጎልቦል ኳስ ከሌለ ቅርጫት ኳስን በስስ ፌስታል ጠቅልሉ፤ ሲንከባለል ይንኮሻኮሻል። ጨዋታው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በድምፅ ነው፦ ቃጭሏ ኳስ ስትቆም ዝም ትላለች፣ አዳራሹ ያስተጋባል፣ ተመልካች ይጮኻል። ስለዚህ ሙዚቃ የለም፣ ጭብጨባም ነጥብ ከተቆጠረ በኋላ ብቻ።

ለሩጫ በሁለት ምሰሶ መካከል በወገብ ልክ ገመድ እወጥርና ቀለበት አስገባበታለሁ፤ ልጁ ቀለበቱን ይዞ ይሮጣል። ጫፉ ከመድረሱ 3 ሜትር በፊት ቀለበቱን የሚያቆም ቋጠሮ የግድ ነው። ገመዱ ከረገበ ልጁ አቅጣጫ ይስታል።

ጭላንጭል ለሚያዩት ከወለሉ በቀለም የሚለይ ኳስ ይበቃል፤ ከመስኮት የሚመጣ ነጸብራቅ ግን ፊት ለፊታቸው መሆን የለበትም። ሬቲናው (ከዓይን ኳስ በስተጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) ለመላቀቅ የተጋለጠ ልጅ ጭንቅላቱን ሊያስመታው ከሚችል ጨዋታ ይራቅ፤ የዓይን ሐኪሙ የሚከለክለውንና የሚፈቅደውን ለይቶ ይጻፍ።

ወላጆች «ይወድቅብናል» ብለው ሲከለክሉ ደብዳቤ አያሳምናቸውም። አዳራሹ ድረስ መጥተው፣ ዓይናቸውን ሸፍነው ኳሷን ይሞክሯት። ስለ ልጁ የትምህርት ዕቅድ በሚደረገው ስብሰባ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ ልጁ ራሱ ወይም ታናሽ እህቱ ልታስተረጉም አይገባም። ዕቅዱ ላይም «በስፖርት ይሳተፋል» ተብሎ አይጻፍ። «ከ6 ሜትር ርቀት ከሚንከባለሉለት 10 ኳሶች 7ቱን ያቆማል» ይባል።