የወላጆችን የትውውቅ ታሪክ እንዴት እንደምቀዳ

«እንዴት ተዋደዳችሁ?» የሚለው ጥያቄ አይሠራም። አባት ጉሮሯቸውን ጠርገው «እግዜር ነው ያገናኘን» ይላሉ፣ እናት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ ያደርጋሉ፣ በቃ አለቀ። የባልና ሚስት ትውውቅ ለኢዮቤልዩ ወይም ለልጅ ልጆች መቅዳት ስጀምር ብዙ ቅጂ ያበላሸሁት በዚህ ጥያቄ ነው። አሁን የምጠይቀው በዓይን የሚታየውን ነው። ያን ቀን ምን ለብሰው ነበር? ደብዳቤውን ማን አደረሰ? ሽማግሌ የተላኩት እነማን ናቸው፣ ስንት ጊዜስ ተመላለሱ? ቤተሰብ አጭቶ ለዳራቸው ደግሞ «ጋሼን የለመዷቸው መቼ ነው?» ማለት ይበጃል። «መልመድ» የማያሳፍር ቃል ስለሆነ ፍቅሩ ራሱ በዚያ በኩል ይወጣል።

ሁለቱን ለየብቻ ነው የማናግራቸው፣ መጀመሪያ ሚስትን። አብረው ከተቀመጡ አንዱ ይተርካል፣ ሌላው ያርማል ወይም ዝም ይላል። ለእያንዳንዳቸው 40 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ይደክማቸዋል። በሌላ ቀን አብረው ግማሽ ሰዓት። የአንዱን ቅጂ ለሌላው ማሰማት ግን የለም፤ የተረሳ ቂም ይቀሰቅሳል።

ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጌ፣ በታጠፈ ጋቢ ላይ፣ ከተናጋሪው አንድ ክንድ ያህል ርቀት አስቀምጠዋለሁ። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የእጅ መታ መታ ሁሉ እንደ ከበሮ ይገባል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በሐምሌ አልቀዳም። ቡና ጥሩ ነው፣ ግን መቁላቱና መውቀጡ ካለቀ በኋላ፤ አቦል ተጠጥቶ ሲኒው ከተነሳ በኋላ ያለው ጊዜ ወርቅ ነው፣ ቶና እስኪደርስ ማንም አይቸኩልም።

ትልቁ ሥራ ዘመኑን ማግኘት ነው። ሰው የሠርጉን ዓመት ያውቃል፣ የተያየበትን ግን ይገምታል። ስለዚህ ዓመት ሳይሆን ክስተት እጠይቃለሁ። ከዕድገት በኅብረት ዘመቻ በፊት ነው በኋላ? (ታኅሣሥ 1967 ነው የተጀመረው።) ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻስ? (ሐምሌ 1971።) በኪስዎ የነበረው ብር የጃንሆይ ምስል ያለበት ነው ወይስ የደርጉ? (1969 ላይ ተቀየረ።) ቤተ ክርስቲያን ያደጉ ሰዎች ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ ቢጠፋቸው ወንጌላዊው አይጠፋቸውም። ዓመቱን ለ4 ማካፈል ነው፤ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። «በዘመነ ሉቃስ ነው፣ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገና እንደተጀመረ» ካሉ 1967 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ሉቃስ 1963፣ በኋላ ያለው 1971 ስለሆነ አይምታታም።

ከፎቶ ጀርባ «1975» ተጽፎ ሲገኝ ቶሎ አትመኑት። በእኛ ከሆነ 1975 ነው፣ በፈረንጅ ከሆነ ግን 1967 ወይም 1968 ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን ደግሞ 8 ዓመት ነው። ውጭ አገር ያሉ ልጆች ሁልጊዜ 8 እየደመሩ የመስከረምን መታጨት በአንድ ዓመት ያዘገዩታል። ሰዓትም እንዲሁ፤ «ሦስት ሰዓት ላይ ቆሜ ጠበቅኳት» ሲሉ ጠዋት ነው፣ ልጆቹ ግን ከሰዓት በኋላ ብለው ይጽፉታል። ፎቶውን ከአልበም አልነቅልም፣ ሙጫው ምስሉን ይዞ ይቀራል። መስኮት አጠገብ፣ ብልጭታ አጥፍቼ፣ ፊቱንም ከተቻለ ጀርባውንም አነሳለሁ።

የአንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ስቀይር አምስት ስድስት ሰዓት ይወስድብኛል። አነጋገራቸውን አላስተካክልም፤ የጎጃሙና የጎንደሩ ቅላጼ ከጠፋ የእነሱ መሆኑ ይጠፋል። «ይሄን እንዳትጽፈው» የተባለውን ግን ከጽሑፉ ብቻ ሳይሆን ከቅጂውም ቆርጬ አወጣለሁ፤ ፋይሉ ከልጅ ወደ ልጅ በቴሌግራም መዞሩ አይቀርምና።

የማይገጥሙ ነገሮችን ለማስታረቅ መሞከር ያቆምኩት ዘግይቼ ነው። የጥምቀት ዕለት የተወረወረው ሎሚ በባል ትረካ ደረቷን መቷል፣ በሚስት ትረካ ጓደኛዋን። አንዱን መርጬ ባትም ሌላኛው ወገን መጽሐፉን አይከፍተውም። አሁን የእሱን በግራ ገጽ፣ የእሷን በቀኝ ገጽ አደርጋለሁ፤ ፊደሉ 16 ነጥብ፣ መነጽር ፍለጋ ሳይነሱ እንዲያነቡት።