ማዕዶት በደብሊን

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ ወዳጆቼ! ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳችሁ በሌሊት የገደፋችሁም፣ እንደኔ እንቅልፍ ጥሏችሁ ጠዋት ዶሮው ላይ የደረሳችሁም፣ እንኳን አብሮ አደረሰን።

የዛሬ ወሬዬ ትንሽ ራቅ ይላል። ሰሞነ ሕማማቱን የአንዲት እንግሊዛዊት ደብዳቤዎች ሳነብ ሰነበትኩ። ሜሪ ሉዊዛ ኖርዌይ ትባላለች። አየርላንድ በእንግሊዝ ስትገዛ ባሏ የአገሩ ፖስታ ቤት ኃላፊ ነበር። የሚኖሩት ደብሊን ውስጥ ሆቴል ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 አየርላንዶች በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ያነሱት አመፅ ሲፈነዳ ያየችውን ለዘመዶቿ ጻፈችላቸው።

የፈረንጅና የእኛ ፋሲካ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ያን ዓመት ግን ገጥሟል፤ ሚያዝያ 15 ቀን 1908። እኛ ዘንድ ልጅ ኢያሱ አልጋ ላይ ናቸው። አመፁ የታሰበው ለፋሲካ ዕለት ነበር። በመጨረሻው ሰዓት ይቅር የሚል ትእዛዝ ወጥቶ ነገሩ ተዘበራረቀና ወደ ሰኞ ዞረ። ወደ ማዕዶት ማለት ነው፤ መሻገር። ይሄ ግጥምጥሞሽ አልለቅ ብሎኝ ነው የምጽፍላችሁ።

ሰኞ ብዙ የእንግሊዝ መኮንኖች የፈረስ እሽቅድምድም ሊያዩ ከከተማ ወጥተዋል። ባሏ ግን ቢሮ ነበር። ለስብሰባ ተጠርቶ በወጣ ጥቂት ቆይቶ አማፂዎቹ ፖስታ ቤቱን ያዙት። የአማፂዎቹ መሪ ፓትሪክ ፒርስ ደጃፉ ላይ ቆሞ የሪፐብሊኩን አዋጅ አነበበ። ጭብጨባው የሳሳ ነበር።

ሜሪ አማፂዎቹን አትወዳቸውም፤ ብትወዳቸው ነበር የሚገርመኝ። እኔ ደግሞ የአርበኛ ታሪክ ሲተረክልኝ ያደግኩ ሰው ነኝ። ልቤ ወዴት እንደሚያደላ አያጠያይቅም። አንድ ቦታ ላይ ግን ያዘችኝ። የ19 ዓመት ልጇ ፍሬድ በ1907 ክረምት ፈረንሳይ ጦር ሜዳ ቆስሎ ሞቷል። ሆቴል ስለሚኖሩ የልጁን ማስታወሻ ዕቃዎች ያስቀመጡት ባሏ ቢሮ ነው። ፖስታ ቤቱ ውስጥ!

ረቡዕ፣ በአልዓዛር፣ ሄልጋ የተባለች የእንግሊዝ መርከብ ከወንዙ ላይ መድፍ ተኮሰች። ከአዳም ሐሙስ ጀምሮ ዋናው ጎዳና ተቃጠለ። አርብ ፖስታ ቤቱ ነደደ፤ የቀረው ግድግዳው ነው። ሁለተኛው ልጇ፣ በኋላ ኔቪል ሹት ተብሎ ስመ ጥር ደራሲ የሆነው፣ ያኔ 17 ዓመቱ ነው። ቃሬዛ ይዞ ቁስለኛ ያነሳ ነበር። እናቱ አንዱን ልጅ ቀብራ ሌላውን ጥይት ውስጥ ልካ ሆቴል ቁጭ ብላለች።

በነገራችን ላይ፣ እዚያው ደብሊን አንድ መናፈሻ ውስጥ ደግሞ ጠባቂው ዳክዬዎቹን እንዲመግብ ሁለቱም ወገን ተኩስ ያቆሙ ነበር። አመፁ ውስጥ ፈገግ ያሰኘኝ ይሄ ብቻ ነው። ከሞቱት 485 ሰዎች ከግማሽ በላይ መሣሪያ ያልያዙ ነዋሪዎች ናቸው። 40ዎቹ ልጆች።

እጃቸውን የሰጡትን የከተማው ሰው ሰድቧቸዋል። ልቡ የዞረው በኋላ ነው። እንግሊዞች በሁለት ሳምንት ውስጥ 15 ሰው ረሸኑ። ከአመፁ መሪዎች አንዱ የነበረው ጄምስ ኮኖሊ ቆስሎ መቆም ስላልቻለ ወንበር ላይ አስቀምጠው ነው የገደሉት።

እጅ የተሰጠው ቅዳሜ ነበር። እኛ ዘንድ ቀኑ የቅዱሳት አንስት ነው፤ ሽቱ ይዘው ወደ መቃብሩ የገሰገሱት ሴቶች። ደብሊን ላይ ነጭ ጨርቅ ይዛ ተኩሱ መሃል የወጣችው ኤልዛቤት ኦፋረል የምትባል ነርስ ናት። ፒርስ እጁን ሲሰጥም አጠገቡ ነበረች። ፎቶው አለ፤ ፈልጋችሁ እዩት። ፒርስ ጋርዷታል። የሚታየው የቀሚሷ ጫፍና ጫማዋ ነው።

መልካም የፋሲካ ሳምንት!